የእንግሊዙ አጎት በሰንበቴያችን

ልብ ወለድን ለዓለም ያበረከቱት ምለው የሚዋሹ ሰዎች ናቸው! በዚህ ጉዳይ ከገሳይ እስከ እብናት የሚረታኝ ቢገኝ ጢሜን እላጫለሁ... ብዙ ጢም እንኳ የለኝም።

ዕውቀቴን ያገኘሁት ግቢዬ ውስጥ ከተከራየው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ፣ ልብ ወለድ እንግሊዝ አገር ገና ዳዴ ሲል፣ ደራሲው «ፈጠርሁት» ማለት ያፍር ነበር አሉ። መቅድሙ ላይ «ይህ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ እኔ ደብዳቤዎቹን አገኘሁ እንጂ አልጻፍሁም» ብሎ ይገዘታል። አንባቢም አምኖ ያለቅሳል። ለንጉሥና ለጻድቅ ብቻ ይፈስስ የነበረ እንባ ለአንዲት ተራ ልጅ ስምንት ቅጽ ደብዳቤ ፈሰሰ!

እኔ ይህን ሰምቼ ዝም እላለሁ? እሑድ ሰንበቴ ላይ፣ ጠላው አንዴ እንደ ዞረ፣ የራሴን ፈጠርሁ። እንግሊዝ አገር ወላጆቿ የሞቱባት ልጅ አለች። አጎቷ «እስክታድጊ ልያዝልሽ» ብሎ መሬቷን ወሰደ። አደገች፤ እሱ ግን ማረሱን አልተወም። እሷ እያነባች ደብዳቤ ትጽፋለች... እንደ ጥንቶቹም «ደብዳቤውን በዓይኔ አይቻለሁ» ብዬ ማልሁ።

ጎረቤቴ አያ ሙሉ ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

«ስንት ጥማድ ነው?»

«ምኑ፣ አያ ሙሉ?»

«የልጅቱ መሬት ነዋ።»

እንግሊዝ በጥማድ ይለካ አይለካ ማን ያውቃል? «ሁለት» አልሁ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።

ለካ እሳቸውም የሟች ወንድማቸውን ልጅ ሁለት ጥማድ የገብስ ማሳ «እስክታድግ» ብለው እንደያዙ ኖረዋል! «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» በሚባልበት አገር ደግሞ ተረት በከንቱ አይወራም። በማግስቱ ደጄ ቆመው፣ እንግሊዛዊ አድርጌ የሰደብሁት እሳቸውን እንደሆነ ነገሩኝ። ፈጠራ ነው ብዬ ብምል ብገዘት... ትናንት «እውነት ነው» ብሎ የማለን አፍ ማን ይመነው?

«ተወው» አሉ በመጨረሻ። «የሰው መሳለቂያ ከምሆን ለልጅቱ እመልሳለሁ።»

ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌ ጠርተው መለሱላት።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ! ለመምህሩም፣ እንግሊዞቹ በስምንት ቅጽ መጽሐፍ ያላቀኑትን አጎት እኔ በአንድ ዋንጫ ጠላ እንዳቀናሁት ደጋግሜ ነገርሁት። ገና ከጉራዬ ሳልወርድ የሟች እህቴ ልጅ ዝናሽ ከገሳይ መጣች። ወሬው ቀድሞ ደርሷታል።

«አጎቴ፣ ሰንበቴ ላይ ያወሩትን ታሪክ ሰማሁት።»

«እንዴት አገኘሽው?»

«ጥሩ ነው። ግን ልጅቱ ደብዳቤ መጻፉን ትታ በእግሯ ብትመጣ፣ አጎቷ ምን ይላታል?»

ወዳጆቼ፣ ገሳይ ያለውን የእናቷን ማሳ ዘጠኝ ዓመት በእኩል እያሳረስሁ ምርቱን የበላሁት እኔ ነኝ። «እስክታድጊ» ያልኋት ልጅ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት።

ይህን እንኳ ሳልምል ነው የምነግራችሁ።