ቤቱ የሐጂ፣ አፈሩ የእትዬ ዘመናይ

«ቤቱ የእርስዎ ነው ሐጂ! አፈሩ ግን የኔ ነው! ቢቆርጡኝ ትቼው አልሄድም!»

የኛ ሰፈር ሰው ጠብ ሲሰማ ጫማውን ሳያጠልቅ ነው የሚወጣው። ሁላችንም ሐጂ ኑሬ በር ላይ ተኮለኮልን። ሐጂ አከራይ፣ እትዬ ዘመናይ ተከራይ ናቸው። ሐጂ ሊያገባ ለደረሰው ልጃቸው ጓሮው ላይ ቤት ሊሠሩ አስበው «ይልቀቁልኝ» አሉ፤ እትዬ ዘመናይም ያለ አንዳች ክርክር «እሺ» አሉ። አልጋቸውን አወጡ። ቁምሳጥናቸውን አወጡ። ከዚያ አካፋ ይዘው ተመለሱና ጓሮውን ማሸግ ጀመሩ።

አዎ፣ ጓሮውን። በጆንያ።

በየሰፈሩ «አትጣለው!» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። የተሰበረ ወንበር፣ ባዶ ጀሪካን፣ አንድ እግሩ የጠፋ ካልሲ የሚያስቀምጥ። እሱ ተራው ነው። የኛዋ ግን የማዕረግ ናቸው፤ ክብርት እትዬ ዘመናይ፣ የአዳማና የአካባቢዋ የልጣጭ፣ የአመድና የፍግ የበላይ ጠባቂ። እኔ ባጃጄ ውስጥ ሆኜ በሳቸው ድምፅ «አትጣለውውው!» ስል፣ የሙዝ ልጣጭ ሊወረውር እጁን ያነሳ ሰው እንደ ሐውልት ደርቆ ይቀራል። አንዱማ ልጣጩን ኪሱ ከቶት ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ወላሂ።

ለምን እንዲህ ሆኑ ካላችሁ፣ እትዬ ዘመናይ አፈርን እንደ ዘመድ ነው የሚያሙት። የተወለዱት አድአ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የነበሩት ባላቸው በተዛወሩ ቁጥር እሳቸውም አብረው ሲዛወሩ፣ አርሲን አይተው፣ ዝዋይን አይተው፣ እዚህ አረፉ።

«የአገሬ መረሬ፣ ያ ጥቁሩ አፈር፣ ኩሩ ነው» ይሉኛል ባጃጅ ውስጥ። «ሲጠጣ እግርህን ይዞ አይለቅም፣ ሲጠማ ተሰነጣጥቆ አፉን ይከፍትብሃል። የአርሲው ቀይ ደግሞ መልኩ ያታልልሃል፤ ዝናብ ሲበዛበት ሆዱ ይታጠብና ይኮመጥጣል፣ ኖራ ስጡኝ ይላል። ዝዋይ ደግሞ ውሃ እያጠጣሁ አለማሁት ስትል ጨው ያልበዋል።»

«የኛስ የአዳማው፣ እትዬ?»

«የናንተማ ደግ ነው፤ ሁሉን ይቀበላል፣ ምንም አያስቀምጥም። ውሃውን ወደ ታች፣ ፍጉን በንፋስ ወደ ወለንጪቲ።» ከዚያ ድምፃቸው ይለሰልሳል። «እሳተ ገሞራ ጥሎት የሄደ የሙት ልጅ ነው። የሙት ልጅ ያሳድጉታል እንጂ አይወቅሱትም።»

ያሳደጉበትን መንገድ ነው እንግዲህ አገር የሚያወራው።

የእህቴ የፋዲላ ሠርግ ለት፣ እትዬ ዘመናይ ስጦታ ይዘው ገቡ፣ ጆንያ ተሸክመው ወጡ። በር ላይ አጎቴ አብዱናሲር ያዛቸው። «እትዬ፣ የእስላም ሥጋ መቼ ጀመሩ?» አለና ጆንያውን ከፈተው። ወዲያው ዘጋው። የታረደው በሬ የሆድ ፈርስ ነበር፣ ገና ትኩሱ። አጎቴ አፍንጫውን እንደያዘ በአክብሮት መንገድ ለቀቀላቸው።

አመሻሽ ላይ ደግሞ ነጠላቸውን አጣፍተው ቡዜ ጫት ቤት ነው የሚሄዱት። ቃሚው በልቶ የተወውን ገረባ ጠርገው ይዘው ይወጣሉ። ወሬው ሳይውል ሳያድር ለንስሐ አባታቸው ደረሰና ተጠሩ። «ልጄ፣ በስተርጅና ጫት?» ቢሏቸው፣ «አባቴ ይፍቱኝ፤ የምቅመው እኔ አይደለሁም፣ አፈሩ ነው» አሏቸው። ከዚያ ቤት ግን ገረባ ብቻ ሳይሆን ቋንቋም ይዘው ነው የወጡት። ስለ ፋብሪካው ማዳበሪያ ስጠይቃቸው ምን አሉኝ? «እሱ ብቻውን ከሆነ ለመሬት ምርቃና ነው። ቀኑን ያስፈነድቀዋል፤ ሲበርድ ድብርቱ አይጣል ነው። ዋናው ምግብ ነው ልጄ፣ ምግብ።»

አንድ ቀን ሊዲ የምትባል ደንበኛዬ ለሥራ ፈተና እየቸኮለች፣ እትዬ ዘመናይ ከጎኗ ተቀምጠዋል። «ቁም! ቁም!» ብለው ጮኹ። ሕፃን ገጨሁ ብዬ ፍሬኑ ላይ ቆምኩ። እሳቸው ፌስታል መዘዝ አድርገው ወረዱና ፊታችን ከቆመው የዳዊ ጋሪ ኋላ ጎንበስ አሉ።

«ዳዊ፣ ፈረስህ ዛሬ ምን በላ?»

«ፉርሽካ ነው እማማ።»

«ያስታውቃል!» አሉ፣ ሰው ጥሩ ወጥ እንደሚያደንቀው።

ሊዲ ፈተናዋ ድረስ ፌስታሉን ጭኗ ላይ ይዛ ሄደች። አለፈች ደግሞ። እትዬ ዘመናይ እስካሁን ድርሻ አለኝ ይላሉ።

እንግዲህ እንዲህ ተለቅሞ የተሠራ ጓሮ ነው ሐጂ «አይነካም» ያሉት። ሲገቡ ነጭ አሸዋ ነበር፤ ሲወጡ እጅህን ብትከት እስከ አንጓህ የሚውጥ ጥቁር ሆኗል። የሰፈሩ ጎመን ከዚያ ነው። የሐጂም ጭምር።

«ያ ረቢ!» አሉ ሐጂ፣ ወደኛ ዞረው ሊያስፈርዱ። «ተከራይ ሲወጣ አምፖል ነቅሎ ሲሄድ አይቻለሁ። መሬት ነቅሎ የሚሄድ በማን አገር ታየ?»

«ተከራይ እንደተረከበ ያስረክባል አይደል ደንቡ?» አሉ እትዬ ዘመናይ። አካፋውን ወደ ታች ሰደዱት፣ ጥልቅ አድርገው፣ ነጩ እስኪወጣ። ከዚያ አንድ እፍኝ ዘግነው ሐጂ መዳፍ ላይ ዘረገፉት። «ይኸው የተረከብኩት። ስንጥቅ ካለው ይናገሩ!»

ሰዉ ሳቁን ዋጠ። ሐጂ አሸዋውን ከመዳፋቸው አራገፉ። ይሄኔ የልጃቸውን ቤት ሊሠራ የመጣው ግንበኛ ጣልቃ ገባ። «ሐጂ፣ ይሄ ለስላሳ አፈር መሠረት አይዝም። እኛም ቆፍረን በሲኖ ልናስደፋው ነበር።»

«ልናስደፋው» የሚለውን ሲሰሙ እትዬ ዘመናይ ግድግዳ ተደገፉ። ወላሂ፣ ሰው የሞተባቸው ነው የመሰለኝ። ሐጂም አዩአቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ለአላህ ብዬ ነው፣ ይውሰዱት» አሉ። ቀጥለው፣ ሰው እንዳይሰማ፣ «አንድ ባልዲ ግን ለጤና አዳሜ ይተዉልኝ።»

በዳዊ ጋሪና በኔ ባጃጅ ተመላልሰን አጋዝነው። አዲሱ ቦታ ከከተማው ዳር፣ ኮረብታው ሥር ያለ የወንድማቸው ልጅ የዘካርያስ ግቢ ነው። መሬቱን በአካፋ ስትመታው ይንኳኳል፣ ሰው ያለበት ይመስል። ያን ሁሉ ጆንያ ስንዘረግፈው ድሃ ቤት ቂጣ ላይ እንደተቀባ ቅቤ ሆነ፤ አለ ወይ ብለህ ትፈልገዋለህ። ንፋሱ ደግሞ ከላይ ከላዩ ማንሳት ጀመረ።

እትዬ ዘመናይ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ዝም አሉ። እሳቸው! ዝም! ድምፃቸውን ስንት ጊዜ አስመስያለሁ፤ ዝምታቸውን ግን የማውቀው አልመሰለኝም። «አትጣለውውው!» ብዬ ሞከርኩ። አልሳቁም። ሌላ ሲጠፋኝ ነገር ፈለግኳቸው።

«እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ይሄ ድንጋይ ነው። እዚህ ውስጥ እንኳን ጎመን፣ ትልም አይኖርም።»

ቀና አሉ። «ምን አልክ አንተ ዛኪር?»

«ትል አይኖርም።»

«ትል ያለበት አፈር ነፍስ አለው ማለት ነው። ክረምቱ ሳይወጣ እዚህ ትል ባሳይህስ?»

ተወራረድን። እሳቸው ካሸነፉ እኔ ድምፃቸውን ሁለተኛ ላላወጣ። እኔ ካሸነፍኩ እሳቸው አዳማ አስፋልት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ የብርቱካን ልጣጭ ሊጥሉ። ይሄን ከአፋቸው ያወጡት በግድ ነው፤ ግን ተነስተው አካፋውን ያዙ።

ከዚያ ወዲህ ባጃጄ ከኋላ ይሸታል። የሆቴል ልጣጭ ነው፣ ገረባ ነው፣ የዳዊ ፈረስ የጣለው ነው። ጓደኛዬ ዘገዬ «አንተ፣ ሰው ለመሸነፍ እንዲህ ይለፋል?» አለኝ። ምን አገባህ አልኩት። ችግሩ እሱም አይደለም። ብሸነፍ ይሄን ጉሮሮ ምን ላደርገው ነው? ባሸንፍ ደግሞ ያቺ ልጣጭ ስትወድቅ ቆሜ ላያት ነው? ቀድሜ ባላነሳት ምን አለ በሉኝ።

ነሐሴ ላይ ሌሊቱን ዘንቦ ሲያድር ደወሉ። «ና!» ብለው ዘጉት። ስደርስ ሐጂ ኑሬም ለጥየቃ መጥተው አዲስ የበቀለው ጎመን መሀል ቆመዋል። እትዬ ዘመናይ አፈሩን ገለጥ አደረጉት። ቀጭን፣ ሮዝ፣ የሚያብለጨልጭ ትል!

«አሸነፍኩህ! ጉሮሮህን ዝጋ!»

«ቆይ እንጂ እትዬ! ይሄ ከድሮው ግቢ በጆንያ የመጣ ነው። አይቆጠርም።»

«እዚሁ ነው የተወለደው! ቅጥነቱን አታይም? ልጅ ነው!»

«ቅጥነቱ የመንገድ ነው።»

ሐጂ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። ዳኛ ተገኘ ብለን ዝም አልን።

«ይሄ የኔ ግቢ ትል ነው» አሉ። «አውቀዋለሁ።»

«በምን አወቁት?» ብለን ጮኽን።

«በአካሄዱ።»

ሦስታችንም ስንንጫጫ ባለጉዳዩ የማንንም ሳይሰማ ወደ ታች ገባ። እትዬ ዘመናይ አፈሩን ቀስ ብለው መለሱበት፣ ሕፃን እንደሚያለብሱ።

«ክረምቱ ገና አልወጣም» አሉኝ ጣታቸውን ቀስረው።

«እናያለና!» አልኩና ከባጃጁ ኋላ ጆንያዬን ላወርድ ሄድኩ።

«የፈረስ ነው የላም?» አሉ ከኋላዬ።

«የዳዊ ፈረስ ነው!»

«ፉርሽካ በልቷል?»

ጆንያውን ትከሻዬ ላይ አወጣሁና፣ ገና ያልተከለከለውን ድምፅ ከሆዴ አውጥቼ መለስኩላቸው።

«ያስታውቃል!»