አባ ያልረገጡት ሳሎን

ሴራሚክን አንዷን ፍሬ ብቻ አይቶ የሚመርጥ ሰው፣ ባልን በፎቶ ከሚመርጥ ሰው አይሻልም። ደፍሬ የምናገረው ሁለቱንም ስለሞከርኩ ነው... የባሉን ነገር ተዉት፤ ስለ ሴራሚኩ ላውራችሁ።

እናቴ ለሳሎናችን ያሰበችው ቡናማ፣ ልሙጥ፣ "ጭቃ የሚችል" ወለል ነበር። እኔ ግን እዚሁ ደብረ ብርሃን አንድ ሱቅ ውስጥ፣ ጥጓ ላይ ሰማያዊ ሐረግ የተጠማዘዘባት ሴራሚክ አይቼ ልቤ ቀለጠ። "እማዬ፣ ዘመናዊ ማለት እኮ ይሄ ነው!" እያልኩ ሦስት ቀን ጨቀጨቅኳት። እሺ ያለችው ስላመነችኝ እንዳይመስላችሁ፤ ጆሮዋን ለማሳረፍ ነው።

"ብቻ የማርያም ማኅበር ተራዬ ደርሷል። በሰው ፊት ብታዋርጂኝ..." አለችና ዝም አለች። የእናቴ ዝምታ ከስድቧ ይከፋል።

ያነጠፈልን የሸዋ ሮቢቱ ሰይድ ነው። እጁ ወርቅ፣ አፉ ቁጥብ። እንዳይረገጥ ብሎ ካርቶን ዘርግቶበት ሄደ። በማኅበሩ ዕለት ጠዋት ካርቶኑን አንሥቼ ስወለውል፣ አፍንጫዬ ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ የታየኝ ሐረግ ብቻ ነው።

ማኅበርተኛው በዚያ ብርድ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ከተፍ አለ። ከፊት የንስሐ አባታችን ናቸው። ጫማቸውን አወለቁ፤ አንድ እግራቸውን አነሡ... እግራቸው አየር ላይ ቀረ።

"ልጄ፣ ምኑ ላይ ልርገጥ?"

"ወለሉ ላይ ነዋ፣ አባ!"

"መስቀሉ ላይ?"

ወይ ጉዴ! ለካ አራት ሴራሚክ ጥግ ለጥግ ሲገጥም፣ አራቱ ሐረግ ተያይዞ ጥርት ያለ መስቀል ይሠራል። አንድ ብቻ ቢሆን በዘለልነው... ሳሎኑ ሙሉ!

ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ከኋላ አንገታቸውን አስግገው፣ "ልሳለመው ወይስ ልግባ?" አሉ።

እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝ። አልተሳደበችም። (ነገርኳችሁ አይደል?)

ያ ሁሉ ሰው በጓሮ ዞሮ ወጥ ቤት ገባ። በድስትና በሽንኩርት ጆንያ መሀል ጉልበት ለጉልበት ተደጋግፎ ጠበል ጻድቁን ቀመሰ። አባ ሲወጡ፣ "ያ ሳሎን ሳይስተካከል ቤቱን አልባርክም" አሉ። እናቴም በመጨረሻ ተናገረች፤ "በጥርስሽ ትነቅይዋለሽ!"

በማግሥቱ ሰይድን ጠራሁት።

"አንተ ሰው፣ መስቀል መሆኑን አላየህም?"

"አየሁ እንጂ!"

"ታዲያ ምነው ዝም አልክ?"

"ክርስቲያኖቹ እናንተ፣ መራጯ አንቺ። ወላሂ፣ ሆን ብለሽ መስሎኝ ነው!"

ሰይድ ከየአራቱ አንዷን እየነቀለ፣ ከመታጠቢያ ቤት የተረፈውን ነጭ ሴራሚክ ተካበት። ሐረጉ ተመልሶ ሐረግ ብቻ ሆነ፤ ሳሎናችን ግን ጥርሱ የወላለቀ ሽማግሌ መሰለ። እኔ በኀፍረት ልሞት! አባ መጥተው ጎንበስ ብለው መረመሩ፤ ከዚያ በሁለት እግራቸው ገብተው ጠበል ረጩ። እናቴ፣ "ምን ትገተሪያለሽ፣ ወንበር አምጪላቸው!" ብላ ጮኸችብኝ። ደስ ሲል! ታርቀናል ማለት ነው።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እትዬ ዘነቡ አዲሱን ወለል አዩና ዓይናቸው ፈጠጠ። "እንዴት ያለ ዲዛይን ነው! ለእኔም ልክ እንደዚሁ!" ብለው ሒሳቡን ሊቀበል የመጣውን ሰይድን እጁን ያዙት።

ሰይድ ራሱን እያከከ እኔን አየኝ።

"እትዬ፣ ይሄ እንኳ ለብቻዬ የምሠራው አይደለም። መጀመሪያ እኔ አነጥፋለሁ፤ ቀጥሎ አባ መጥተው በር ላይ ይቆማሉ።"