ጋሼ ዘከሪያና የተሰነጠቀችው ድምፅ

ቅጭል... ቅጭል... ቅጭል...

ኢክራ ገና ፊደል ሳትቆጥር፣ ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሳት ይህ ድምፅ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ፣ መሳለሚያ አጠገብ የሳህንና የብርጭቆ ሱቅ ያላቸው ጋሼ ዘከሪያ ካርቶን ፈትተው እያንዳንዱን ሳህን በጥፍራቸው ይመቱታል። ደህናውን ያለ አንዳች ቃል መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡታል። ለተሰነጠቀው ግን ንግግር ያደርጉለታል፤ ስለ ፋብሪካው፣ ስለ ጫኙ፣ ስለ ዘመኑ ሰው ጠባይ። መደምደሚያው ምንጊዜም አንድ ነው፦ «ዓይን ይሸወዳል፤ ጆሮ አይሸወድም!»

እንዲህ ያለ ሰው የሌለው ሰፈር የለም። ራሱ አንድ ነገር አይነካም፤ የሌላውን ሁሉ ግን ያርማል። ክቡር ጋሼ ዘከሪያም የሚኒባሱን ሞተር፣ የጎረቤቱን በር ማጠፊያ፣ የኢክራን እናት የሁሪያን የስፌት መኪና ሳይቀር «ታሟል» ብለው ፈርደዋል። አንዳንዴ ልክ መሆናቸው ደግሞ ሰፈሩን ይብስ ያናድደዋል።

ኢክራ ዘንድሮ ቫዮሊን ተውሳ ቤት ያመጣች ቀንማ ሠርግና ምላሽ ሆነላቸው። ልጅቱ ለሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ ትፈተናለች። ዓምና ወድቃለች፤ ዘንድሮም ከወደቀች የተዋሰችውን ቫዮሊን ለመምህሯ መልሳ ስፌት ልትቀመጥ ለእናቷ ቃል ገብታለች። ስለዚህ ከሰዓት ከሰዓት ስኬል ትለማመዳለች፤ ድምፅ በድምፅ እንደ ደረጃ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። መጀመሪያ ደስ የሚለውን ሜጀር፣ ቀጥሎ የሚያዝነውን ማይነር፣ ከዚያ ድምፅ እየዘለለች አርፔጂዮውን።

በሦስተኛው ቀን ግድግዳው ተደበደበ።

«አንቺ ልጅ! ደረጃ ስትወጪ ስትወርጂ ዋልሽ፤ ዘፈኑ ቤት መቼ ልትገቢ ነው?»

«ይኸው ነው ጋሼ፤ ዘፈን የለውም።»

ጥቂት ቆይተው ራሳቸው መጡ፤ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ተቀመጡ። ለካስ መውጣት መውረዱ ከንክኗቸው ኖሯል። ማይነሩን ስትጫወት እጃቸውን አነሡ።

«በወጣሽበት አልወረድሽም!»

«ሕጉ ነው ጋሼ። የዚህኛው ማይነር መውጫና መውረጃ ይለያያል።»

«እንደ ጫኝ በይኛ! ተሸክሞ ሲወጣ በአንዱ፣ ባዶውን ሲወርድ በሌላው።» ትንሽ አሰቡ። «ይሁን። ሰባተኛዋ ግን ተሰንጥቃለች።»

«የትኛዋ?»

«ስትወጪ፣ ከጫፉ በፊት ያለችው።»

ኢክራ በንዴት ስልኳ ላይ ባለው መቃኛ ለካቻት። ዝቅ ብላለች። ዓምና ፈታኙም ያሏት ይህንኑ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ መጡ። «ተሰንጥቃለች።» «አሁንም።» «ዛሬስ ጭራሽ ተሸረፈች!»

«ጋሼ፣ ሱቁን ማን ይጠብቅልዎታል?» ትላለች ሁሪያ።

«ሳህን እግር አለው እንዴ?»

ኢክራ አንዳንዴ ቫዮሊኑን አናታቸው ላይ ልትሰብረው ይቃጣታል። የቀሩ ቀን ግን እጇ አልታዘዝ ይላል፤ ዓይኗ በሩ ላይ ነው።

በፈተናው ዋዜማ አስር ሰዓት ላይ ተጫወተች። ማይነሩን ወጣች፣ በሌላው መንገድ ወረደች፣ አርፔጂዮውን ጨርሳ ደጋኑን አወረደች። ወደ ጋሼ ዞራ ፍርዱን ጠበቀች።

«እህ፣ ጋሼ?» አለች ሁሪያ።

ጋሼ ዘከሪያ የሻይ ብርጭቋቸውን እንደ ደህና ሳህን ቀስ አድርገው አስቀመጡ። ተነሡ፤ ጫማቸውን አጠለቁ፤ ያለ አንዳች ቃል፣ «ደህና አምሹ» እንኳ ሳይሉ፣ ወጡ።