በበሬ የተሸጠ ስልክ

ከውጭ አገር የመጣ ነገር እኛ ዘንድ ሲደርስ ዋጋው ይምታታበታል። ሰው ከሆነ ይወደዳል፤ ዕቃ ከሆነ ይረክሳል። ትናንት ሰቆጣ አውቶቡስ ተራ ጆንያ ሲሸከም የነበረ ጎረምሳ ጅዳ ሄዶ ሁለት ዓመት የሰው ፍየል ጠብቆ ሲመለስ ሠርግ ላይ ከሽማግሌ ጎን ይቀመጣል፤ ስለ ዓለም ፖለቲካም አስተያየት ይጠየቃል። ይዞት የመጣውን ብርድ ልብስ ግን ሦስት ሴቶች ዳርና ዳር ይዘው፣ ቆንጥረው፣ አሽትተው "ኧረ ይሄ ያገለገለ ነው" ይሉታል። ጎረምሳውም ያገለገለ ነው። እሱን ግን ቆንጥሮ ያየው የለም፤ እንዲያውም ልጁን ሊድርለት የሚያስብ አይጠፋም።

እናንተም አንድ ያገለገለ ስልክ ውጭ አገር ልሽጥ ብትሉ መካሪ አታጡም። ካርቶኑን አትጣሉ፣ ፊቱን ወልውሉ፣ የመጀመሪያውን ዋጋ አትቀበሉ፣ ሦስት ሱቅ ጠይቁ ይሏችኋል። ደግ ምክር ነው፤ እኔም ለሰው መክሬበታለሁ፤ ምን እንዳተረፍኩበት ኋላ ላይ ትሰማላችሁ። መካሪዎቹ የሚዘነጉት አንድ ነገር "ውጭ አገር" ማለት ለማን ነው የሚለውን ነው። እኔ የማወራላችሁ ስልክ ኑሮው ጅዳ ነበር። ለሱ ውጭ አገር ማለት የእኛዋ ሰቆጣ ናት። ቋንቋችንን አይሰማ፣ ዘመድ የለው፣ መብራት ሳይጠፋ የኖረ ቀብራራ፣ ድንገት ከእኛ መሃል ተጣለ። ስደተኛ በሰው አገር ስንት እንደሚያወጣ ደግሞ ለእናንተ አልነግርም።

ጊዜው በእኛ አቆጣጠር የሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ነው። ሞባይል ሰቆጣ ከገባ ብዙ አልቆየም፤ ኔትወርክ ፍለጋ የማናውቀው ሰው አጥር ሥር የምንገተርበት፣ ስልክ ያለው ሁሉ ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ ኮቱን ወደ ኋላ የሚጥልበት ዘመን ነበር። ስልክ ማለት ደግሞ ቁልፍ ያለው ማለት ነው። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ግድግዳዬ ላይ የዓለም ካርታ ስለተሰቀለ፣ ከደሴ ወዲያ አልፌ የማላውቀውን እኔን ስለ ውጭ አገር የሚያማክረኝ ሰው ብዙ ነው። እኔም አሳፍሬ አልመለስኩም።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት አጎቴ አያ ኪሮስ መጡ። የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬ። ከጋቢያቸው እጥፋት አንድ የተቋጠረ ጨርቅ አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ ፈቱት። መስታወት የመሰለ፣ አንድም ቁልፍ የሌለው ስልክ ከነቻርጀሩ ተኝቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለምለም የምትባል ልጃቸው ጅዳ ሰው ቤት ከገባች ቆይታለች። የሄደችው በበሬ ነው። ጋልባ ማለቴ አይደለም፤ አያ ኪሮስ ከነበሯቸው ሁለት በሬዎች አንዱን ሸጠው ነው የላኳት። አንድ በሬ የቀረው ገበሬ ምን እንደሚያደርግ የማታውቁ ካላችሁ፣ እንደሱ ባለ አንድ በሬ የሆነ ጎረቤት ፈልጎ ይቀናጃል። መቀናጆ ይባላል። ጎረቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ዝናብ በጣለ ማግስት በማን ማሳ እንደሚጀመር ንገሩኝ ብትሉኝ አልዋሻችሁም። የአያ ኪሮስ መሬት ሁልጊዜ የሚታረሰው ርጥበቱ ከሸሸ በኋላ ነው። የዋግ ዝናብ ደግሞ የሚቸኩል እንግዳ ነው፤ ሳይቀመጥ ይወጣል። እና ለምለም እመቤቷ አዲስ ሲገዙ አሮጌውን ስልክ ቢሰጧት፣ ለሚመለስ ሰው አስይዛ "ለአባቴ፣ ሸጦ በሬውን ይመልስ" ብላ ላከችው።

"ስንት ሊሸጡት አስበዋል?" አልኳቸው።

"አንድ በሬ።"

"በብር ማለቴ ነው፣ አያ።"

"ብር ይጠመዳል? ልጄ በበሬ ሄዳለች። መጀመሪያ በሬው ይመለስ" አሉኝ።

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ስልኩን ሶኬት ላይ ሰክተን ሞላነው፤ ሲሞላም ቻርጀሩን ነቅለው፣ በክንዳቸው ጠቅልለው ወደ ጋቢያቸው መለሱት። ከዚያ በምክሬ መሠረት ሦስት ቦታ ልንጠይቅ ወጣን። የመጀመሪያው ሞባይል ጠጋኝ ስልኩን ገለባብጦ አየና "ቁልፎቹ የት ወደቁ?" ብሎ ጠየቀን። እንደሌሉት ስነግረው በሐዘኔታ አየኝ፤ ለመለዋወጫ ከሆነ ብሎም የአንዲት ፍየል ዋጋ ሰጠን። ሁለተኛው ከፍቶ ሁሉ ነገሩ በዐረብኛ ተጽፎ ቢያገኘው፣ እንደሰረቅነው ሁሉ ግራና ቀኝ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዋጋውንም አብሮ። ሦስተኛው ጭራሽ "ካሜራ ከሆነ ፎቶ አንሱኝ" አለን። አያ ኪሮስ መንገድ ላይ ቆመው "አንተ ልጅ፣ በሬ ይዤ ገብቼ ዶሮ አስታቅፈህ ልትሸኘኝ ነው?" ሲሉኝ ጂኦግራፊ የተማርኩለት ቀን ደረሰ አልኩ።

ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይባላል። ዐረብኛ የሚናገር ስልክ ዐረብኛ ለሚናገር ሰው! ካርታዬ ላይ በዐይኔ ተጓዝኩ። ወደ ጅዳ ባሕር አለ፤ ወደ ኻርቱም ግን በመተማ በኩል መሬት ለመሬት ነው። መንገዱን የሚያውቅ ሰውም አላጣሁም። ደረጀ የሚባል የጎንደር ነጋዴ ሽቶና ሸቀጥ ከሱዳን እያመጣ ሰቆጣ ያራግፋል። ጠርተን ብናሳየው ዐይኑ በራ፤ እንዲህ ያለውን ስልክ ኻርቱም ውስጥ እንደሚሻሙበት ነገረን። ለአያ ኪሮስም ካሰቡት በሬ የወፈረ እንደሚገዛላቸው ማለ፤ ሦስታችንም ወደ ከብት ተራ ወረድን።

እዚያ አያ ኪሮስ ሌላ ሰው ሆኑ። ቀዩን በሬ ጥርሱን አዩ፣ ሻኛውን ዳሰሱ፣ አስኬዱት፣ አዞሩት። ደረጀ ከፈለ። የበሬው ሻጭ እንደ አገሩ ሥርዓት ገመዱን ከበሬው አንገት ፈትቶ፣ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ጣለ። እኛ ዘንድ ከብት ይሸጣል እንጂ ገመዱ አይሸጥም፤ ገመዱ አብሮ ከሄደ የበረቱ ገድ አብሮ ይሄዳል። ገዢ የራሱን ገመድ ይዞ ይመጣል። አያ ኪሮስም ከጋቢያቸው ሥር አንድ አሮጌ የጠፍር ገመድ አወጡ። ያ ለለምለም መሄጃ የተሸጠው በሬ ገመድ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ካስማ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል። በቀስታ አሰሩለት፤ እኔም ምንም ብሆን ሰው ነኝና ዐይኔን ወደ ሌላ ከብት አዞርኩ።

ተራው የስልኩ ሆነ። አያ ኪሮስ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሻጭ የከብቱን ነውር በምስክር ፊት ሳይደብቅ መናገር አለበትና፣ ተናገሩ። "አይዋጋም። አይረግጥም። የሰው ማሳ አይገባም። አንድ ነውር አለበት፤ በልቶ አይጠግብም፣ ቶሎ ይደክመዋል። ሲደክመውም ይተኛል እንጂ አይሞትም።" ደረጀ እየሳቀ ተቀበለ። እንደ ደንቡ ዋስ ተጠየቀ፤ የተሰረቀ ቢሆን፣ ነውር ቢወጣበት መልስ የሚሰጥ። ማን ይሁን? መምህሩ አለ እንጂ! ደረቴን ነፍቼ ዋስ ሆንኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን በዚያች ሰዓት ያስታወሰኝ አልነበረም።

ክረምቱ ገብቶ መሬቱ ሲርስ ደረጀ የቤቴን በር አንኳኳ። ፊቱ ሞት የጠራው መስሏል። ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ ጣለው።

"መምህር፣ ቻርጀሩስ?"

"የቱ ቻርጀር?"

"እኔም የጠየቅኩት ይሄን ነው!"

ታሪኩን አወራኝ። ቻርጀር የትም አይጠፋም ብሎ፣ ስልኩ እንደበራ ጉዞ ጀመረ። መተማ ሳይደርስ ስልኩ ተኛ። በዚያ ጊዜ ደግሞ የየስልኩ ቻርጀር አፍ ለየብቻ ነው፤ መተማ ቢሞክር አይገባም፣ ኻርቱም ቢሞክር አይገባም። የሚሻሙበት የተባሉት ሰዎች ስልኩን አንስተው ያያሉ፣ ይጫኑታል፣ አይበራም። "አልሞተም፣ ተኝቶ ነው" ይላቸዋል። እነሱም መልሰው ያስታቅፉታል። "ለአስከሬን ስንት ይከፈላል፣ መምህር?" አለኝ። የተሰጠውን ዋጋ ሲነግረኝ ያቺን የጠጋኙን ፍየል ናፈቅኋት።

ወደ አያ ኪሮስ ቤት ወጣን። ስንደርስ ሁለቱን በሬዎች ጠምደው ያርሳሉ። የራሳቸውን መሬት፣ በራሳቸው ቀን። ጎረቤቱ አጥር ጥግ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ፤ የደረጀን ፊት ሳይ ግን ደስታዬን መልሼ ሰበሰብኩ። እቤት ስንገባ ቻርጀሩ ካስማው ላይ ነው፤ በወግ ተጠቅልሎ፣ መብራት በደጁ አልፎ በማያውቅ ጎጆ ውስጥ።

"አያ፣ ይሄ እኮ ለሰውዬው ነው የሚሄደው" አልኩ።

"ገመድ ተሸጦ ያውቃል?"

"ገመድ አይደለም፣ አያ! ስልኩ ያለሱ አይሠራም።"

"በሬስ ያለ ገመድ ይሄዳል? ባለ በሬው ገመዱን ፈትቶ ሲሄድ አንተም ይኸም ቆማችሁ ስታዩ ነበር። እኔ ገመዴን ይዤ ገበያ ወጣሁ፤ እሱ ባዶ እጁን መጣ። ምን ላድርግለት?"

ደረጀ ሊጮህ ጀመረ። ነገሩ ሳይከር የአያ ኪሮስ የንስሐ አባት ቄስ አምሳሉ ተጠሩ። አያ ኪሮስና ቄሱ ደጅ ግንድ ላይ ተቀምጠው በኽምጣንጋ፣ በእኛ በዋግ አገው ቋንቋ፣ ለረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። ጎንደሬው ቋንቋውን አይሰማምና እየደጋገመ "ምን አሉ?" ይለኛል። "ስለ ዝናቡ ነው" እለዋለሁ። እውነትም አብዛኛው ስለ ዝናቡ ነበር። በመጨረሻ ቄሱ ወደ አማርኛ ተመለሱ።

"ሻጭ ሥርዓቱን ጠብቋል፤ ገመዱን አልሸጠም። ገዢም አልዋሸም፤ ተጎድቷል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ታዲያ መሃል የቆመው ማን ነው?"

ሁላቸውም ወደ እኔ ዞሩ። በሬዎቹ እንኳ የዞሩ መሰለኝ።

"አባ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?" አልኩ።

"ምንም። ብታጠፋማ ንስሐ እሰጥህ ነበር። ዋስ ነህ፤ ትከፍላለህ።"

የቀረው አጭር ነው። ቀበቶዬ ላይ የማንጠለጥላትን ባለቁልፍ ስልኬን ሲም ካርዷን አስቀርቼ ሸጥኩ፤ ከደመወዜም እየቆነጠርኩ ለደረጀ የበሬውን ዋጋ መለስኩ። እሱም የለምለምን ስልክ መርቆ ሰጠኝ፤ ምርቃቱን እዚህ አልደግመውም። እንዲህ ሆኖ የሰቆጣ የመጀመሪያው ቁልፍ አልባ ስልክ ባለቤት ሆንኩ። ተኝቶ።

ቻርጀሩንስ? አያ ኪሮስ አይሸጡትም፣ አይሰጡትም። ነገር ግን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ገመድ አይሸጥም እንጂ ይዋሳል አሉኝ። በየገበያው ቀን ቻርጀሩን በጋቢያቸው ይዘው ይመጣሉ፣ ይሰኩልኛል፣ ስልኩ እስኪጠግብ ወንበሬ ላይ ይቀመጣሉ፣ ማታ ጠቅልለው ይዘው ይወጣሉ። ስልኩ በማግስቱ ይተኛል። ስለዚህ እኔ ስልክ የሚኖረኝ በገበያ ቀን ብቻ ነው፤ በገበያ ቀን ደግሞ ስልኩ ሥራ አለበት። ለምለም ሰዓቱን ታውቃለች። ሲጮህ እኔ ያቺን አረንጓዴ ምልክት እነካና ለአባቷ አቀብላለሁ። ከዐረብኛው የተማርኩት እሷን ብቻ ነው።

አያ ኪሮስ ኻርቱም ድረስ በሚሰማ ድምፅ ያወራሉ። ስለ ቡቃያው፣ ስለ ጎረቤቱ ቂም፣ ማን እንዳገባ። "መምህርስ ደህና ነው?" ትላቸዋለች።

"ደህና ነው። ስልክሽን ይጠብቅልኛል።"

እኔ ቆሜ እሰማለሁ። የሰው ፍየል ለመጠበቅ ጅዳ ድረስ የሚለፋው ጎረምሳ ሞኝ ነው፤ ይሄው እኔ እዚሁ በአገሬ ተቀጠርኩ። ያገለገለ ስልክ በትክክለኛ ዋጋው ሊሸጥ የሚፈልግ ካላችሁም አድራሻው አያ ኪሮስ ናቸው። በሬውም አላቸው፣ ገመዱም አላቸው፣ ስልኩንም የሚያስቀምጥላቸው ሰው አለ። ይህን በሆዴ እያልኩ ሳጉረመርም ለምለም ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የምትጠይቀው ጥያቄ ይመጣል።

"አባ፣ በሬውስ?"

"በሬውማ ተመልሷል" ይሏታል፤ ድምፃቸው ያን ጊዜ ዝቅ ይላል። "አንቺ ነሽ የቀረሽ።"

ከዚያ ስልኩን አንዳቸውም አይዘጉትም። እኔ ካርታዬ የተጣመመ ይመስል ወደ ግድግዳው ዞሬ አቃናለሁ፤ ቻርጀሩ ግን እስኪጨርሱ ድረስ እንደተሰካ ይቆያል።