«ይሸጥ!» ባዩ ባለንብረት

በየሰፈሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ የመንግሥት ቴሌቪዥንን ከማንም በላይ የሚጠላ፣ ከማንም በላይም የሚያይ። ሌላው ሲሰለቸው ጣቢያ ይቀይራል። ይህ ሰው ግን ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ያስጠጋል።

በአፍሪካዊቷ የማዕድን ከተማ በኪትዌ፣ በማዕድን ሠራተኞቹ ሰፈር በዉሳኪሌ፣ ይህን ሹመት የያዙት ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ባ ካፔምብዋ ነበሩ። ፍዳውን የምታየው ግን ባና ሙቴታ፣ ማለትም የሙቴታ እናት፣ ናት። ትንሽ ምግብ ቤት አላት፤ ንሺማ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎና የተጠበሰ ዓሣ ትሸጣለች። ጥግ ላይ ቴሌቪዥን የሰቀለችው ደንበኛ ይስብልኛል ብላ ነበር። የሳበላት ባ ካፔምብዋን ነው።

የማታው ዜና ሊጀምር ሲል ክራቫታቸውን አስረው ከች ይላሉ። ገና ሳይቀመጡ ይጀምራሉ።

«ይኸው! ይህን የውኃ ጉድጓድ አምናም መርቀውታል! ሪባኑን እንኳ አልቀየሩትም! ይህ ጣቢያ ይሸጥ!»

ዜና አንባቢዋ ከሳለች፣ «ይሸጥ!» ይዘንባል ተብሎ ፀሐይ ከወጣ፣ «ይሸጥ!» አንዴ ብሔራዊ ቡድኑ ጎል ሊያገባ ሲል መብራት ሄደ።

«ባ ካፔምብዋ፣ መብራቱን ያጠፉት እኮ እነሱ አይደሉም» አለቻቸው ባና ሙቴታ።

«ተነጋግረው ነው!»

አንድ ቀን ምርር ያለው የታክሲ ሾፌር ብድግ ብሎ ወደ አንዱ የግል ጣቢያ ቀየረው። ሰውዬው እሳት ጎረሱ።

«ማነው የነካው?»

«ይሸጥ ሲሉ አልነበር እንዴ፣ አባባ?»

«እስኪሸጥ ድረስ የሕዝብ ነው፤ የእኔ ነው! ባለንብረቱ ነኝ! መልሰው!»

መለሰው፤ ምን ያድርግ። ከዚያ ወዲህ ስማቸው «ክቡር ባለንብረቱ» ሆኖ ቀረ።

ባና ሙቴታን ያንገሸገሻት ጩኸቱ ብቻ አልነበረም፤ ደንበኛ ሳህኑን ሳይጨርስ ሲሸሽ ማየቱም ብቻ አይደለም። «ይሸጥ» የሚለው ቃል ራሱ ያማታል። ማዕድኑ ሲሸጥ ባሏ ከሥራ ወጣ፣ የሰፈሩ ክሊኒክ ተዘጋ፣ ልጇ ሙቴታ ዋና የተማረበት ገንዳ ደርቆ የፍየል መዋያ ሆነ።

«የተሸጠ ነገር ተመልሶ ሲመጣ አይተው ያውቃሉ?» ትላቸዋለች።

«አንቺ ደግሞ! ማዕድንና ዜና አንድ ነው? ዜና የሚበላሸው አዛዡ አንድ ሹም ብቻ ሲሆን ነው።»

«ባለቤቱ ሲለወጥ የሚለወጠው ውሸቱ ነው!»

«ይሸጥ!»

«ይብሉና ይሂዱልኝ!»

በዚህ መሀል የፓርላማ ኮሚቴ ኪትዌ መጣ። ጣቢያው ለግል ባለሀብት ይሸጥ ወይስ አይሸጥ፣ ሕዝቡ በከተማው አዳራሽ ሐሳቡን ይስጥ ተባለ። ባ ካፔምብዋ ሱፋቸውን አስተኮሱ። ንግግራቸውን ሲለማመዱ ጎረቤቱ ሁሉ በቃሉ ያዘው። ባና ሙቴታም ምግብ ቤቷን ዘግታ ሄደች። «እኚህ ሰውዬ ብቻቸውን ለፍልፈው፣ ዉሳኪሌ እንዲህ አለ ሊባል ነው?» እያለች።

ተራው መጀመሪያ የደረሰው ለእሷ ነበር። ስለ ማዕድኑ ተናገረች፤ ስለ ክሊኒኩም። ከዚያ፣ «ዜናውን በቋንቋዬ የሚነግረኝ ይኸው ጣቢያ ነው። ሰው ሲሞትብኝ ለሩቅ ዘመዴ የሚያረዳልኝም እሱ ነው። የሚገዛው ሰው ከእኔ ለቅሶ ምን ያተርፋል?» አለች።

ፊት ለፊት የተቀመጠ፣ ጣቢያውን ሊገዙ የሚፈልጉት ሰዎች የላኩት ወጣት አማካሪ፣ ማይክሮፎን ተቀብሎ ፈገግ አለ።

«እማማ፣ ይህ እኮ የምጣኔ ሀብት ጉዳይ ነው። የጉሊት ወሬ አይደለም።»

አዳራሹ ሳቀ። ባና ሙቴታ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ባ ካፔምብዋ ናቸው።

«አንተ! በዚህ አዳራሽ ከእኔ በላይ ይሸጥ ያለ የለም! ሴትዮዋ ተሳስታለች! ግን ባለንብረት ናት! ባለንብረት ሲናገር ገዢ አፉን ዘግቶ ነው የሚያዳምጠው! ይቅርታ ጠይቃት!»

ሰብሳቢው ተራዎን ይጠብቁ ቢላቸው ማን ሰምቶ! እየተንደረደሩ ወርደው ማይክሮፎኑን ከወጣቱ እጅ መነጨቁት። ጥበቃዎቹ ብብትና ብብታቸውን ይዘው እያንጠለጠሉ አወጧቸው። በጎረቤት ሁሉ የተሸመደደው ንግግር አንድ መስመር እንኳ ሳይነበብ ቀረ። ሳቁ ግን ቆሟል። ባና ሙቴታ ቀና አለችና የቀራትን ተናግራ ጨረሰች።

ማታ በዜናው ሰዓት ባ ካፔምብዋ መጡ። የኮታቸው እጅጌ ከትከሻው ተተርትሯል። ባና ሙቴታ ለጩኸቱ ራሷን አዘጋጀች።

የእሷ ፊት ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ቤቱ በጭብጨባ ሊደበላለቅ ነበር።

«ዝም በሉ! ትናገር!» አሉ ክቡር ባለንብረቱ።

ተናገረች። የአማካሪው ስድብ አልታየም። እሳቸውም ጭራሽ የሉም፤ ተቆርጠው ወጥተዋል። ቤቱ በሙሉ «ይሸጥ!»ን ጠበቀ። ሰውዬው ዜናው እስኪያልቅ ትንፍሽ አላሉም። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

«ባና ሙቴታ፣ ተሳስተዋል» አሉ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ ብለዋት። «ግን ግሩም አድርገው ተናገሩ።»

ጓዳ ገብታ ከዓሣው ትልቁን መርጣ አመጣችና ፊታቸው አስቀመጠች።

«ኮቱን ያውልቁት። እስኪበሉ ልስፋልዎ።»

አወለቁ። ትንሽ በሉና አላስችል አላቸው።

«እኔን ግን ቆረጡኝ እኮ፣ አየሽ?»

«አይቻለሁ» አለች መርፌዋ ውስጥ ክር እያስገባች። «ሌቦች ናቸው።»