ከትምህርት ውጭስ ምን ትሠሪያለሽ?

ልጅ ማሳደግ ድሮ ማብላትና መቆጣት ነበር ይላሉ። እዚህ ሲያትል ግን ልጅ ማሳደግ መንዳት ነው። ከቫዮሊን ወደ ዋና፣ ከዋና ወደ ክርክር ክበብ፣ ከዚያ ወደ ሒሳብ አስጠኚ፤ ልጅ እራቱን የኋላ ወንበር ላይ ይበላል፣ እናት ቀይ መብራት ላይ ትጸልያለች። ለምን ብትሉ፣ ታላላቆቹ ኮሌጆች ጥሩ ማርክ ብቻ አይበቃቸውም። «ከትምህርት ውጭስ ምን ትሠሪያለሽ?» ይላሉ። እኛ በልጅነታችን ይህን ብንጠየቅ መልሳችን «እላላካለሁ» ነበር።

የእኔ ልጅ ከእነዚህ ኮሌጆች አንዱ ውስጥ ስለገባ፣ እንደ አዋቂ ቤት ምክር ፈላጊ ይመላለስብኛል። እንዴት እንደገባ ለእኔም አልገባኝም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ነውና፣ ሾርላይን ሰፈር የምትኖረው ጓደኛዬ ሰናይትም አንድ ቅዳሜ ለምክር ጠራችኝ።

ልጇ ሊዲያ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። ቫዮሊኑም፣ ዋናውም፣ ክርክሩም አለ። በዚያ ላይ የሰናይት አባት፣ አባባ ተሰማ፣ አብረዋቸው ይኖራሉ። ኩላሊታቸው ደክሞ ኖርዝጌት ወዳለ ክሊኒክ ለእጥበት ይመላለሳሉ። ከትምህርት በኋላ በባቡር የምትወስዳቸው፣ ከነርሶቹ ጋር የምታስተረጉምላቸውና እስኪጨርሱ አጠገባቸው የምታጠናው ሊዲያ ናት።

«ኬሚስትሪዋ ወረደ፤ አንድ ነገር መተው አለባት» አለች ሰናይት። «አባባን ክሊኒኩ ቫን ይልክላቸዋል፤ አስተርጓሚም በስልክ አለ። እሳቸውን ማመላለስ እንደሆነ ለኮሌጅ አይቆጠርም።»

አባባ ሶፋው ጥግ ተቀምጠዋል። ሰምተዋል። መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ።

«አይ ዊል ድሮፕ ዲቤት» አለች ሊዲያ። ክርክሩን እተዋለሁ ማለቷ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት የክበቡ መሪ ልትሆን የታጨችበትን! ሰናይት መርዶ እንደሰማች ሁሉ ደረቷን ይዛ ወደ እኔ ዞረች። እኔ አዋቂዋም «ኦኬ፣ ዋናውን ብትተዪስ?» ከማለት የተሻለ ጥበብ አልመጣልኝም። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ።

ክርክሩ ተተወ። ኬሚስትሪው ቀስ ብሎ ዳነ። በዓመቱ የኮሌጅ ማመልከቻና አብሮት ስለ ራስ የሚጻፈው ድርሰት ሲደርስ፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ክርክሩን ለምን እንደተወች ጠይቆ ጉዳዩን ሲሰማ፣ «ታዲያ ይህንን ነው መጻፍ!» አላት። ሰናይት ወዲያው ኮል አደረገችልኝ። «አባባ ይቆጠራሉ!»

ሊዲያ ግን በጄ አላለችም። «ሂ ኢዝ ኖት አን አክቲቪቲ» አለች። አያቴ ክበብ አይደሉም። እናትና ልጅ ተኳረፉ። እኔ እንደ ልማዴ ለማስታረቅ በተጠራሁበት ቀን፣ አባባ ራሳቸው አፋቸውን ከፈቱ።

«ስለ እኔ መሰለኝ የምትጣሉት። ጻፊኝ፣ ልጄ።»

«አባባ፣ እርስዎን መሸጥ ነው የሚመስለኝ» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ።

«ከመጣሁ ጀምሮ እንደተሸከማችሁኝ ነው። ይህ ኩላሊት ለእኔ መሥራት ካቆመ ቆየ፤ ለአንቺ ከሠራ ምን አለበት? እስቲ እኔም ልጥቀም።»

ሊዲያ ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከዚያም ጻፈች። ምን እንደጻፈች ለእናቷም አላሳየችም።

መልሱ በጸደይ መጣ። ሰናይት የተሳለችለት ያ ኮሌጅ አይሆንም አለ። የከተማችን ዩኒቨርሲቲ ተቀበላት። ጥሩ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ግን ድንኳን መትከል ብቻ ነበር የቀረው። ለአባባ ማን ይንገራቸው? መርዶ ነጋሪዋ እኔ ሆንኩ።

አባባ ሰምተውኝ እንደገና መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «የእኔን ነገር አንብበው ነው እምቢ ያሉት?» አሉኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? ሽማግሌው በሕይወታቸው ማምሻ ለአንዲት ልጅ ልጥቀም ብለው የሰጡት የመጨረሻ ነገር ተመልሶባቸዋል። ሊዲያ ኮቷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ወደ ክሊኒኩ መሄጃቸው ደርሷል። ገብታ ተንበረከከችና ጫማቸውን ማጥለቅ ጀመረች።

«ሳያነቡ ነው፣ አባባ» አለች፣ ቀና ሳትል።

አባባ አሰቡበት። ፊታቸው ጥቂት በጥቂት ተፈታ።

«ታዲያ ሰነፎች ናቸዋ!» አሉ፣ ክንዷን ይዘው እየተነሡ። «እንኳንም ቀረብሽ።»