«ራሴ እሠራዋለሁ»

በየመሥሪያ ቤቱ «ራሴ እሠራዋለሁ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ሱቅ ውስጥ ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ ሲያይ የተሰደበ ይመስለዋል። የእኛው ክቡርነታቸው ፕሮግራመር ናቸው፤ «ጋሽ ራሴ» እንላቸዋለን።

የምቀመጥበትን ወንበር የሠሩት እሳቸው ናቸው። ወደ ግራ ይንጋደዳል። ብነግራቸው፣ «ወንበሩ ደህና ነው፤ ወለሉ ነው» አሉኝ። የሠሩት የበር ደወልም ሊፍቱ በቆመ ቁጥር ይጮኻል። «ንቁ ነው» ይላሉ።

በቅርቡ አንድ የሕፃናት ክሊኒክ የቀጠሮ ሲስተም እንድንሠራለት ጠየቀን። ሰርቨሩንና ዳታውን ሌላ ድርጅት የሚያስተዳድርልንን፣ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አገልግሎት እንከራይ ወይስ ሁሉንም ከመሠረቱ ራሳችን እንገንባ? ሲስተሙ ከቆመ እናቶች የታመመ ልጅ ታቅፈው በር ላይ መቅረታቸው ነው። እኔ የቢሮው ኃላፊ ነኝና ልቤ ያለው ከኪራዩ ጋር ነበር። ስብሰባ የገባሁት ከጋሽ ራሴ ጋር ለመከራከር ታጥቄ ነው።

«እትዬ፣ ዛሬ ምሳ የለም በይኝ» አለች ዲዛይነራችን በሹክሹክታ።

ጋሽ ራሴ በሽቦ የጠገኑትን መነጽር አወለቁ።

«እንከራይ» አሉ።



«ጋሼ፣ አሞዎታል እንዴ?» አለች ዲዛይነሯ።

«ደህና ነኝ። እዚያ ጥግ ይቀመጥ የነበረው ባልንጀራዬ ትዝ አይላችሁም? አንድ ሲስተም ብቻውን ገነባ፤ እሱ እያለ ቆሞ አያውቅም። ካረፈ በኋላ ሲበላሽ ግን ከየት እንደሚነካ የሚያውቅ ጠፋ። እኔም ሞክሬ አቃተኝ።» መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። «የእኔም ሥራ ያው ነው፤ ያለ እኔ አይሄድም። የሰው ልጅ ታሞ እኔን ሲጠብቅ አይሆንም።»

ተከራየን። ሲስተሙ ያለ ኮሽታ ሥራውን ጀመረ። ጋሽ ራሴ ግን እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቢሮው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት አበዙ። ዳስሰው የሚጠግኑት ነገር ጠፋ። አላስቻለኝም።

«ጋሼ፣ የክሊኒኩ የተራ መጥሪያ ስክሪን ይቀራል። ከሱቅ ልግዛው?»

እንደተሰደበ ሰው አዩኝ። ከዚያ ከኪሳቸው ሜትር አወጡ።

ትናንት አንድ እንግዳ መጥቶ ወንበሬ ላይ ሲቀመጥ ሊወድቅ ደርሶ ጠረጴዛውን ያዘ።

«ይሄ ወንበር ይንጋደዳል እኮ» አለኝ።

«ወንበሩ ደህና ነው» አልኩት። «ወለሉ ነው።»